ስልሳ ሜትር ላይ ያሉት ሁለቱ

ሥራዬ ነፋስ መለካት ነው ስል ሰው ይስቃል። «ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ወደ ላይ ታነሺያለሽ?» ይሉኛል። ድሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳቁ አልቆብኛል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተራራ ተራራ ስንከራተት፣ የብረት ማማ ሳስተክል፣ ነፋስ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ተርባይን ሊተከልበት በታሰበው ቦታ ማማ ይቆማል። ማማው ላይ በየከፍታው መለኪያ ይታሰራል፤ መለኪያው ሦስት ትንንሽ ኩባያ ያለው፣ ነፋስ ሲመታው የሚሽከረከር ነገር ነው። ኩባያዎቹ በፈጠኑ ቁጥር ነፋሱ በረታ ማለት ነው። ከማማው ሥር ያለችው ሳጥን በየአሥር ደቂቃው ትመዘግባለች። ዓመት፣ ሁለት ዓመት እንዲህ ይለካና ነፋሱ ከበቃ ጣቢያው ይሠራል፤ ካልበቃ ማማው ይነቀልና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

የዚያ ሸንተረር ጉዳይ ግን ለእኔ የነፋስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከማማው ዘበኞች አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ጋሼ በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ ክር ፋብሪካ ገባና የማሽን ግራሶ ቀቢ ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየማሽኑ ሥር እየተጋደመ ኩሽኔታ ግራሶ ሲያጠጣ ኖረ። እኔን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃኝ እሱ ነው። ከሥራ ሲገባ ቱታውን እንኳን ሳያወልቅ ደብተሬን ይገልጥና ምኑም ሳይገባው «ጎበዝ!» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ጋሼ የበሩን ማጠፊያ በቀን ሁለቴ ዘይት ይቀባል፤ የወንበሩን ብሎን ፈትቶ መልሶ ያጠብቃል። እትዬ፣ ሚስቱ፣ «ይሄ በር ከዚህ በኋላ ቢቀባ ተንሸራቶ ጎረቤት ይገባል» እያለች ትስቅበታለች። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ለዚህ ነው ማማው ሲቆም ኃላፊያችንን ለምኜ በጥበቃ ያስቀጠርኩት።

የጥበቃዎቹ ውል ላይ አንዲት አንቀጽ ነበረች። ጣቢያው ከተሠራ አራቱም ዘበኞች ቋሚ ሠራተኛ ሆነው ወደ ጥገና ክፍል ይዛወራሉ ትላለች። ጋሼ ያቺን አንቀጽ በቃሉ ሸምድዷታል። ለጎረቤቱ፣ ለባለሱቁ፣ ለድሮ የፋብሪካ ጓደኞቹ ሁሉ ነግሯል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ይቺ ካመለጠችው ሌላ እንደማትመጣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ለመሆኑ የአንድ ተርባይን ኩሽኔታ ስንት ኪሎ ግራሶ ይበላል?» ይለኛል በሄድኩ ቁጥር።

«በበርሜል ነው ጋሼ፣ በኪሎማ አይሆንም።»

«በበርሜል!» ይልና ፊቱ ይበራል።

አንድ ቀን ማማው ሥር ቆመን ሳለ ወደ ላይ እየጠቆምኩ፣ «ከሁሉም ዋናዎቹ የላይኞቹ ናቸው» አልኩት። «ስልሳ ሜትር ላይ ያሉት ሁለቱ። ሹሞቹ የሚያዩት እነሱን ነው። እነሱ በደንብ ከዞሩ ያንተ ሥራ ተገኘ ማለት ነው።» እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው ያልኩት። እሱ ግን አንገቱን አቅንቶ ረጅም ሰዓት አያቸው።

በአምስተኛው ወር ግድም ቁጥሩ ግራ ያጋባኝ ጀመር። ሜዳ ላይ ቢሆን ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ነፋሱ እየበረታ ይሄዳል። እዚህ ግን አርባ ሜትር ላይ ያለው መለኪያ ከሰባት በላይ እያለ፣ ስልሳ ሜትር ላይ ያሉት ሁለቱ ስድስት ከምናምን ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ ሁለት የምናስረው አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። ሁለቱም ግን አንድ ቃል ናቸው፤ ባለሁለት ምስክር ነገር ሆነብኝ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ወጥቶ ያይ ነበር።

እኔ ግን ብልህ ነበርኩ። ተራራ እንደ ሜዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነፋስ ዳገቱን ሽቅብ ሲወጣ ጫፉ ላይ ይጨመቅና ከመሬቱ ቀረብ ብሎ ይፈጥናል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሊዘገይ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ በየአገሩ ታይቷል። በዚህ እውነት ላይ ተንተርሼ ሠላሳ ስምንት ገጽ ጻፍኩ፤ በቀለም የደመቀ ሥዕል ጨመርኩበት። ሸንተረሩ ነፋሱን እንዴት አድርጎ እንደሚጨምቀው ከአፍ እስከ ገደፉ አብራራሁ። ኃላፊው ጽሑፉን ስብሰባ ላይ አስነበበኝና «ይቺ ሴት ተራራ ታነባለች!» አለ። አጨበጨቡልኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

የሁለት ዓመቱ ልኬት ሲያልቅ የላይኞቹ አማካይ ስድስት ነጥብ አራት ሆነ። የተርባይኑ ወገብ የሚያርፈው ከእነሱ ከፍታ አጠገብ ስለሆነ የሚፈርዱት እነሱ ናቸው፤ የተጠየቀው ደግሞ ሰባት ነው። «በቂ ነፋስ የለም» ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ።

ለጋሼ ስልክ ደውዬ ልነግረው አልቻልኩም፤ ራሴ ሄድኩ። አጥሩ በር ላይ አገኘሁት።

«ነፋሱ አልበቃም ጋሼ።»

«የቱ?» አለኝ። «ይሄ? ይሄ ነፋስ ነው አልበቃም የተባለው?» ነፋሱ እንዳይወስድበት ኮፍያውን በእጁ ተጭኖ ነው የሚጠይቀኝ።

«ከላይ ሲሆን ይቀንሳል» አልኩና ሸንተረሩ ነፋስ እንዴት እንደሚጨምቅ በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት። እጄን ተከትሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ምኑም ሳይገባው «ጎበዝ» አለኝ። ቅስሙ ሲሰበር በዓይኔ አየሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማማው ተነቀለ። መለኪያዎቹ ወደ ላብራቶሪ ተልከው ጤንነታቸው መረጋገጥ አለበት፤ የአሠራሩ መዝጊያ ነው። ለማሸግ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። እግረ መንገዴን የአርባ ሜትሩን ኩባያ በጣቴ መታ አደረግሁት፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ማሸጊያ ሳጥኑን ፈልጌ እስክመጣ ድረስ አልቆመም። የስልሳ ሜትሩን መታሁት። አንድ ጊዜ ተኩል ዞሮ ቀጥ አለ። ሁለተኛውን መታሁት። እሱም ቀጥ አለ።

ካቻቢቴ አመጣሁና ከፈትኩት። በዘንጉ ዙሪያ ቢጫ ወፍራም ግራሶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ እንደ ሸክላ ረግቷል። የዚህ መለኪያ ኩሽኔታ ከፋብሪካው ሲወጣ ጠብታ ቀጭን ዘይት ተሰጥቶት ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ግራሶ፣ ያውም በተራራ ብርድ፣ ጉልበቱን ይበላዋል። ሽታው ገና ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። የልጅነቴ ሽታ ነው፤ ያደግሁት በእሱ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ለጋሼ ማዘን ነበር ብል ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው፤ ለራሴ።

እኔ መሐንዲሷ በየአራት ወሩ ማማው ላይ ወጥቼ እያንዳንዱን መለኪያ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። የሚሞላ ቅጽ አለ፤ በሁለቱ ዓመት ስድስት ቅጽ ሞልቻለሁ። «ተወጥቶ ታይቷል» በሚለው ፊት ስድስት ጊዜ ምልክት አድርጌ ስድስት ጊዜ ፈርሜያለሁ። አንድ ጊዜም አልወጣሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ማማ ላይ መሃል መንገድ ደርሼ ራሴ ዞረ፤ ብረቱን አቅፌ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀስኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ማማ መውጣት የማትችል የነፋስ መሐንዲስ ምን ልትባል ነው? ሰበብ ደግሞ ሞልቷል። ነፋሱ በሰከንድ ከአሥር ሜትር በላይ ከሆነ መውጣት ክልክል ነው ይላል መመሪያው፤ ሸንተረሩ ላይ ደግሞ ከቁርስ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ከአሥር አይወርድም። እኔም የምደርሰው ከቁርስ በኋላ ነበር። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ጋሼ ሻይ እያፈላልኝ፣ ቅጹን እሞላለሁ። ጋሼ ያኔ እንዳላየ ሆኖ በር በሩን ያያል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ማለዳ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ እትዬ ናት።

«ግቢ፣ ግቢ። ሰውዬሽ የልብስ ስፌት ማሽኔን ፈታትቶ በትኖልሻል፤ ጤነኛ ነበረች እኮ! ታመመችም ብዬ አልነገርኩት!»

ጋሼ መሬት ላይ ጋዜጣ አንጥፎ በብሎንና በማሽኗ ጥርሶች መሃል ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ ማማው ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

እጁ ላይ የነበረውን ብሎን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «ልትቆጪኝ ነው?»

«አልቆጣም።»

«በየወሩ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ። ጎህ ሲቀድ ነፋሱ አረፍ ይላል፤ ቀበቶዬን እታጠቅና እወጣለሁ። አትደንግጪ፤ ፋብሪካ እያለሁ ከዚያ በከፋ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ።» ሲያወራ እየሞቀው ሄደ። «ሦስተኛው ወር ላይ ነው። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍ ሳደርግ፣ ከላይ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ። ኩሽኔታ ሲጮህ ምን እንደሚል ደግሞ እኔ አላጣውም። ደርቄያለሁ ነው የሚለው። ከፋብሪካው ስሰናበት የሰጡኝ ግራሶ ነበረኝ፣ ጥሩው። ከዚያ ወዲህ አንድም ወር ጠምቷቸው አያውቅም።»

«የአርባ ሜትሩንስ?»

«እሱን ምን አደርገዋለሁ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ዋናዎቹ የላይኞቹ ናቸው ያልሽኝ?»

  ለኃላፊው ሠላሳ ስምንት ገጽ የፈጀብኝን ነገር ለእሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ግራሶው አዘገያቸው።»

የሸንተረሩን ጭመቃ በእጄ እያሳየሁ ብነግረው ያልገባው ሰውዬ፣ ይቺ ወዲያው ገባችው። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወፍራም ነዋ! ብርድ ላይ ይረጋላ! እንዴት አላሰብኩትም? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሠራው!» ቆይቶ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ ነፋሱ ነበረ ማለት ነው?» አለኝ።

«ነበረ።»

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት።»

 እትዬ ከጓዳ ውሃ ስታንቆረቁር ይሰማል።

«ሦስቱ ባልደረቦቼስ?» አለ። «እነሱም ቤታቸው ገብተው ቁጭ ብለዋል። አንዱ ልጅ ሊወለድለት ነው። ጻፊ። ዛሬውኑ ለሹሞችሽ ጻፊ፤ ስሜንም ጨምሪ፣ እንዳታለባብሺው።» ከዚያ ዓይኑን ብሎኖቹ ላይ ጥሎ፣ «ያንቺስ ነገር…» ብሎ ተወው።

«የኔ ምን?»

«ምንም።»

ጻፍኩ። የግራሶውን ነገር ጻፍኩ፣ ስሙን ጻፍኩ፣ ዘበኛው ወንድሜ እንደሆነ ጻፍኩ። የስድስቱን ቅጽ ነገር ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዘለልኩት። ላብራቶሪው መለኪያዎቹን ፈትሾ የላይኞቹ ከአሥር አንድ እጅ ያህል እንደዘገዩ አረጋገጠ። ሒሳቡ ሲስተካከል ነፋሱ ከሰባት በላይ ሆነ። ፋይሉ ተከፈተ፤ በወሩ አዲስ ማማ ቆመ፤ ጣቢያው ሊሠራ ነው ተባለ። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ እጄን ጨበጠኝ። «የገዛ ወንድምሽን እንኳን ያልሸሸግሽ ሰው ነሽ» አለኝ። «የግራሶው ጉዳይ ማጣራት ይለቅ እንጂ የልኬት ክፍሉን የምትይዢው አንቺ ነሽ።» አመስግኜው ወጣሁ። 

ማጣራቱ የተደረገው በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ የስብሰባ ክፍል ነው። መስተዋት የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ አራት የታሸገ ውሃ፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር። የሚወላገደው ላይ የተቀመጠው ጋሼ ነው። የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጥቷል፤ እጀታው አጥሮታል። ከፊታችን ሰብሳቢው፣ የሕግ ሰውየውና ጸሐፊዋ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«እኛ ነገሩን እንዲህ ነው ያየነው» አሉ ለጋሼ። «እርስዎ ክፉ አላሰቡም። ማማው ላይ አይወጣ የሚል በውልዎ ላይ የለም፤ መጻፍ ነበረበት፣ አልተጻፈም። አድራጎትዎን በግልጽ ያደረጉት ከሆነና ወጥቶ አይቶ ያስቆመዎት ሰው ካልነበረ፣ ጥፋቱ የቁጥጥር ጉድለት ነው። እርስዎ በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ፤ የጥገና ክፍሉ ቦታም ይጠበቅልዎታል። ደብቀው ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ በጣቢያው ግቢ ሥራ አያገኙም።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

«ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ቅጹ ላይ መሐንዲሷ ስድስት ጊዜ ማማው ላይ ወጥተዋል ይላል። ወጥተዋል?»

 ጋሼ አላየኝም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አንዴ አዞረው።

«ወጥታለች እንጂ!» አለ። «ገመዷን የያዝኩላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ግራሶውን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?»

ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ጋሼ ውሸት አይችልበትም፤ ድሮም እትዬ በአንድ ዓይን አይታ ነው የምትይዘው። ጆሮው ቀላ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከመምጣቷ በፊት እየወጣሁ እጠርገው ነበር።»

«ለምን?»

«እንዳታይብኝ።»

የሕግ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ደብቀዋል ማለት ነው?»

«ደብቄያለሁ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የጠበቁት መልስ ይህ እንዳልነበረ ያስታውቃሉ። ሊያድኑት ፈልገው ነበር፤ መንገዱን በእጃቸው አሳይተውት ነበር። ጸሐፊዋ የጻፈችውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «ደብቄያለሁ» የሚለው ሲነበብ ከተናገረው ይልቅ ከብዶ ተሰማኝ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

«መሐንዲስ፣ እርስዎ የሚጨምሩት ወይም የሚያርሙት ነገር አለ?»

አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። «አልወጣሁም» ማለት ብቻ። እሷን ብናገር የጋሼ ቦታ ይጠበቃል፤ እኔ ደግሞ ምናልባት ከሥራ እባረራለሁ፣ ምናልባትም አልባረርም፤ ሁለቱንም በደንብ አውቅ ነበር። ጋሼ ያኔ ብቻ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ዝም በይ የሚለኝ መሰለኝ። ወይም እኔ እንደዚያ ላነበው ፈለግሁ፤ ያልሆነውን ማንበብ እንደሁ እችልበታለሁ።

«የለኝም» አልኩ።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ ከጋሼ ፊርማ በታች ፈረምኩ።